ከቁጥሩ በፊት ጥያቄው፦ የእርሳስ መመረዝ ሕክምና መመሪያ ከሸሕዲ ሲነበብ

እርሳስ በሰው አካል ውስጥ አንዳችም የታወቀ አገልግሎት የሌለው ከባድ ማዕድን ነው። እንደ አይረን ወይም እንደ ዚንክ በጥቂቱ የሚያስፈልግ፣ ሲበዛ ብቻ የሚጎዳ አይደለም። በተለይ ለፅንስና ለሕፃን ጉዳት አያደርስም ተብሎ የሚታመንበት መጠን እስከ ዛሬ አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን መነሻ በማድረግ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ለእርሳስ የተጋለጡ ሰዎች የሚታከሙበትን መመሪያ አሳትሟል። በመመሪያው መሠረት በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ የተገኘበት ማንኛውም ሰው የተጋለጠበት ምንጭ ተፈልጎ ሊገኝና ሊወገድለት ይገባል። ይኸው መጠን የተገኘባትና ከምግቧ በቂ ካልሲየም የማታገኝ ነፍሰ ጡር ካልሲየም እንዲሰጣት ይመከራል። መጠኑ 45 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሲደርስ ደግሞ እንደ እርግዝናው ዕድሜ እየታየ ማዕድኑን አጣብቆ በሽንት የሚያስወጣው ኪሌሽን የተባለው ሕክምና ይታሰባል።

መመሪያው በማስረጃ የተደገፈ፣ የማስረጃውን ጥንካሬና ድክመት ሳይደብቅ የሚያስቀምጥ ሥራ በመሆኑ ሊመሰገን ይገባዋል። ይህ ሂስም ሳይንሱን ለመንቀፍ የተጻፈ አይደለም። የሚመረምረው መመሪያው የምዕራብ ጎንደር ዞንና የመተማ ወረዳ መቀመጫ ከሆነችው ከሸሕዲ፣ በሌላ ስሟ ከገንዳ ውኃ፣ ሲነበብ ለአንዲት ነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ምን ያህል ይደርስላታል የሚለውን ነው። መልሱ ባጭሩ ሲገለጽ፣ የመመሪያው ምክሮች በአብዛኛው በደም ውስጥ በሚለካ ቁጥር ስለሚጀምሩ ቁጥሩ በማይገኝበት ቦታ ሁሉ ሥራቸው ሳይጀመር ይቀራል የሚል ነው።

የእናት አጥንት እንደ ጎተራ

የጉዳዩ ክብደት ግልጽ እንዲሆን አስቀድሞ እርሳስ በእናት አካል ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል። ወደ ደም የገባ እርሳስ በግማሽ ለመቀነስ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል። ከዚያ ውስጥ ከሰውነት ሳይወጣ የሚቀረው እንደ ካልሲየም ሆኖ ወደ አጥንት ይገባና ለአሥርተ ዓመታት ይከማቻል። በዐዋቂ ሰው አካል ውስጥ ካለው እርሳስ ከ90 በመቶ የማያንሰው የሚገኘው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ነው። ደም የሚያሳየው የቅርቡን ተጋላጭነት ሲሆን አጥንት ግን የዕድሜ ልኩን ይይዛል።

እርግዝና ሲመጣ የፅንሱን አጥንት ለመሥራት የእናቲቱ አጥንት ካልሲየም ይለቃል፤ አብሮም ያከማቸውን እርሳስ ይለቃል። ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር በፈለሱ ሴቶች ላይ በአውስትራሊያ የተደረጉ የአይሶቶፕ ጥናቶች በእርግዝና ጊዜ በደም ውስጥ የሚታየው እርሳስ ከፊሉ በቀድሞ አገራቸው ሳሉ በአጥንታቸው ውስጥ የተቀመጠ እንደነበረ አረጋግጠዋል። መልቀቁ በጡት ማጥባት ወራት ይበልጥ እንደሚጨምርም አሳይተዋል። የእንግዴ ልጅ እርሳስን አያግድም። በእትብት ደም ውስጥ የሚገኘው መጠን በእናቲቱ ደም ውስጥ ካለው ጋር የተቀራረበ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ጉዳት በሚገባ የታወቀ ነው። በሜክሲኮ ከተማ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት የእናቲቱ የደም እርሳስ በ5 ማይክሮግራም በጨመረ ቁጥር ፅንስ የመጨንገፉ ዕድል ወደ ሁለት እጥፍ እንደሚጠጋ አመልክቷል። ከዚህ በተጨማሪ በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ የደም ግፊት፣ ያለ ጊዜው መወለድ፣ የፅንስ ዕድገት መቀነስና ከሁሉም በላይ ተመልሶ የማይጠገን የአእምሮ ዕድገት ጉዳት ከእርሳስ ጋር የተያያዙ ናቸው። ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ በመልክ አይታይም። ልጁ ደኅና መስሎ ይወለዳል፤ ያጣው ነገር የሚታወቀው ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። ያኔ ግን ከእናቱ እርግዝና ጋር የሚያያይዘው ሰው አይገኝም።

ቁጥሩ የማይገኝበት ቦታ

በኢትዮጵያ ስለ ደም እርሳስ የታተሙ ጥናቶች ሲታዩ በአብዛኛው በከተማ የሚሠሩ ሰዎችን የተከተሉ ናቸው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2012 በጅማ ከተማ የመኪና ጋራዥ ሠራተኞች ላይ የታተመው ጥናት በሠራተኞቹ ደም ውስጥ የተገኘው እርሳስ ለማነጻጸሪያ ከተመረጡት ሰዎች በእጅጉ የበለጠ መሆኑን አሳይቷል፤ ከፍተኛው ከ36 ማይክሮግራም በላይ ነበር። እነዚህ ጥናቶች ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው። ሆኖም በሠራተኛው ልብስ፣ ፀጉርና ጫማ ላይ ተጣብቆ ወደ ቤት የሚገባው ዱቄት፣ ልብሱን የምታጥበው ባለቤቱ ነፍሰ ጡር ብትሆን ምን ያደርሳል የሚለው ጥያቄ ከጋራዡ በር ውጭ ቀርቷል።

የደም እርሳስን በትክክል መለካት የአቶሚክ አብዞርፕሽን ወይም ከዚያ የተሻለ መሣሪያ፣ ከእርሳስ የጸዳ ቱቦና የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። ይህ በዩኒቨርሲቲና በምርምር ቤተ ሙከራዎች የሚገኝ እንጂ በወረዳ ሆስፒታል የሚታዘዝ የዕለት ምርመራ አይደለም። እርግጥ ነው፣ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በሦስት ደቂቃ ውጤት የሚሰጥ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ አለ፤ ለእንዲህ ያለው ቦታ መፍትሔ ተደርጎም ይነገርለታል። ይሁን እንጂ የመሣሪያው የሥራ ሙቀት ወሰን 36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ በመተማ ቆላ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የቀን ሙቀት ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። በእጅ ላይ ያለ ዱቄትም የጣቱን ደም በመበከል ውጤቱን ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ከፍ ያለ ውጤት ሁሉ ከደም ሥር በተወሰደ ደም መረጋገጥ አለበት። እንግዲህ በአየር ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ቀላል የሆነው ምርመራ በቆላ ጤና ጣቢያ ቀላል አይሆንም።

በመሆኑም «5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን ምንጩ ይፈለግ» የሚለው ምክር ቅደም ተከተሉ እንዳለ ከተወሰደ በሸሕዲ ምንጩ ፈጽሞ አይፈለግም። የመመሪያው ጸሐፊዎች የተጋላጭነት ታሪክ መጠየቅ የሕክምና መሠረት መሆኑን አያጡትም። ነገር ግን ምክሮቹ በቁጥር ደረጃ የተሰደሩ ስለሆኑ፣ መመሪያውን በቃል የያዘ ባለሙያ ምርመራው በሌለበት «የሚደረግ ነገር የለም» ብሎ ፋይሉን ለመዝጋት ይገፋፋል። ከዚህ አንጻር የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከላት እ.ኤ.አ. በ2010 ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ያወጡት የቀድሞው መመሪያ የተሻለ ቅደም ተከተል ነበረው። እርሱ በመጀመሪያ እናቲቱ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ቤቷ፣ ስለ መዋቢያዋና አፈር ስለ መብላቷ እንድትጠየቅ፣ አጋላጭ ነገር ያለባት ስትሆን ደግሞ ደሟ እንዲመረመር ያዛል። ቤተ ሙከራ የሞላበት አገር በጥያቄ ከጀመረ፣ ቤተ ሙከራ የሌለበት ቦታ በቁጥር እንዲጀምር የሚጠበቅበት ምክንያት የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የቅድመ ወሊድ ክትትል መመሪያ ውስጥም 49 ምክሮች ሲኖሩ ስለ እርሳስ የሚናገር አንድም የለም። የእርሳሱ መመሪያ ስለ ነፍሰ ጡር ይናገራል፣ የነፍሰ ጡሯ መመሪያ ግን ስለ እርሳስ አይናገርም። የቅድመ ወሊድ ክትትል የምትሰጠው አዋላጅ ነርስ የምታነበው ሁለተኛውን ነው።

«ፋብሪካ የለም» የሚለው መጽናኛ

በቆላው ሥራ ላይ ያለ ባለሙያ «ሸሕዲ የሰሊጥ፣ የጥጥና የከብት አገር ናት፤ የወባና የካላዛር አገር ናት፤ እርሳስ የፋብሪካ ከተማ በሽታ ነው» ሊል ይችላል። ይህ አስተሳሰብ በሌላ አገር ተፈትኖ ወድቋል። በባንግላዴሽ ገጠር፣ ፋብሪካ በሌለባቸው መንደሮች፣ ከተመረመሩ 430 ነፍሰ ጡሮች መካከል 31 በመቶ የሚሆኑት 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ ተገኝቶባቸዋል። በአይሶቶፕ ምርመራ ምንጩ ሲፈለግ የተገኘው ወጥ ውስጥ የሚገባው እርድ ነበር፤ ቀለሙ እንዲደምቅ ሌድ ክሮሜት የተባለ ቢጫ ቀለም ይጨመርበት ነበር። በሰሜናዊ ናይጄሪያ በዛምፋራ ክፍለ ግዛትም እ.ኤ.አ. በ2010 ከ400 በላይ ሕፃናት የሞቱት በፋብሪካ ሳይሆን እርሳስ ያለበትን የወርቅ ድንጋይ በየግቢው በመፍጨት ምክንያት ነበር። ሁለቱም ቦታዎች ከዚያ በፊት ንጹሕ ገጠር ይባሉ የነበሩ ናቸው። አለመለካት አለመኖር ማለት አይደለም።

በመተማ ቆላ ሊጠየቅባቸው ከሚገቡ ነገሮች መካከል የመጀመሪያው ኩል ነው። ኩል በድንበሩ በወዲህም በወዲያም የቆየ የሴቶች ውበት ነው፤ ከሱዳን ገበያ ጋር የሚገናኝ፣ በቀላሉ በኪስ ተይዞ የሚሻገር ዕቃም ነው። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው በመተማ በኩል የገቡ እናቶችም ይህን ልማድ ይዘውት መጥተዋል። ሻጮች ብዙ ጊዜ ኩልን በዐረብኛ ስሙ ኢትሚድ ማለትም አንቲሞኒ ነው ይላሉ። አንቲሞኒ ደግሞ ለቆላው ባለሙያ እንግዳ አይደለም፤ የካላዛር መርፌ የሚሠራው ከእርሱ ነው። ይሁን እንጂ በግብፅና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከገበያ የተገዙ ኩሎች በቤተ ሙከራ ሲመረመሩ አንቲሞኒ የተገኘባቸው እምብዛም ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ጋሌና ከተባለው የእርሳስ ማዕድን የተሠሩ ሆነው ተገኝተዋል። ሌሎቹ ደግሞ ጥቀርሻና ጉዳት የሌላቸው ነገሮች ነበሩ። በዐይን አይቶ መለየት አይቻልም። ማዕድኑ በቆዳ በኩል የሚገባው ጥቂት ቢሆንም ከጣት ወደ አፍ፣ ከዐይንም በእንባ ቧንቧ በኩል ወደ ጉሮሮ ይደርሳል። በሕፃን ዐይን ወይም በእትብቱ ላይ ሲደረግ አደጋው እጅግ ይብሳል።

ሁለተኛው ከተጣለ ብረት፣ ከመኪና አካልና ከሞተር ክፍል ቀልጦ የሚሠራ የአሉሚኒየም ድስት ነው። በካሜሩንና በሌሎች ታዳጊ አገሮች ከሚሸጡ እንዲህ ያሉ ድስቶች የተወሰዱ ናሙናዎች ጎምዛዛ ነገር ሲፈላባቸው እርሳስ ሲለቁ ተገኝተዋል። ሦስተኛው የትራክተር፣ የመኪናና የፀሐይ ኃይል ባትሪ ነው። ያለቀ ባትሪ በግቢ ውስጥ መፍታት፣ እርሳሱን ማቅለጥ፣ ሣጥኑን ለውኃ መቅጃ መጠቀም ሁሉ የቤቱን አፈር ይበክላል። አራተኛው የቤትና የዕቃ ቀለም ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚኖር እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ደንግጋለች። ይህ ትልቅ እርምጃ ሲሆን ከዚያ በፊት የተቀባውን በርና መስኮት ግን አይመለከትም።

አምስተኛው በሰውነት ውስጥ የቀረ ጥይት ነው። በጡንቻ ውስጥ ያለ ጥይት አብዛኛውን ጊዜ በጠባሳ ተከብቦ ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል። በመገጣጠሚያ ውስጥ ያለ ግን በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ቀስ በቀስ እየሟሟ ከዓመታት በኋላ ሊመርዝ ይችላል። ጦር መሣሪያ በበዛበትና ግጭት በተደጋገመበት አካባቢ የቆሰሉ ሴቶች ሲያረግዙ ስለ ቀድሞ ቁስላቸው መጠየቅ የሚገባው ለጠባሳው ሲባል ብቻ አይደለም።

ስድስተኛው ያለፈው ዘመን ነው። ኢትዮጵያ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ያቆመችው በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ነው፤ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮችም እ.ኤ.አ. በ2001 በዳካር በተስማሙት መሠረት እስከ 2006 መጀመሪያ ድረስ ይህንኑ ፈጽመዋል። በዚያው ዘመን ኢትዮጵያ ከሱዳን ያስገባችው ቤንዚን የተጓዘው በዚሁ በመተማ መንገድ ነበር። ይህ የሕዝብ ጤና ድል ነው። ሆኖም ከዚያ በፊት ልጅነቷን በመኪና ጭስ ውስጥ ያሳለፈች የከተማ ሴት ዛሬም በመውለጃ ዕድሜ ላይ ናት፤ ወደ ሸሕዲ ብትመጣ አጥንቷ አብሯት ይመጣል።

«እርሳስ» የሚለው ቃል

መመሪያው ወደ አማርኛ ቢመለስ በቃሉም ላይ ችግር ይገጥመዋል። በዛሬው አማርኛ «እርሳስ» ሲባል በመጀመሪያ ወደ ሐሳብ የሚመጣው ተማሪ የሚጽፍበት ዕቃ ነው። የመጻፊያው እርሳስ ደግሞ ከግራፋይትና ከሸክላ የሚሠራ በመሆኑ ከማዕድኑ ጋር ከስም በቀር ግንኙነት የለውም። «እርሳስ ለፅንስ መርዝ ነው» የሚል ወረቀት በጤና ኬላ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ እናቲቱ የልጇን ደብተርና እርሳስ ስትሰውር፣ ኩሉንና ባትሪውን ግን ሳትጠረጥር ትቀራለች። የጥንቱ ቃል «ዐረር» ማዕድኑንም ጥይቱንም የሚጠራ ስለነበረ በዚህ ረገድ የተሻለ ግልጽነት ነበረው። አሁን ቃሉን መመለስ ባይቻልም የጤና ትምህርቱ ማዕድኑን በስሙ ሳይሆን በዕቃው ቢጠራው ይበጃል፤ «የባትሪ እርሳስ»፣ «የኩል እርሳስ»፣ «የጥይት ዐረር» ሲባል ሁሉም ያውቀዋል።

ጡት የማጥባቱ ጉዳይ

በዚህ ርዕስ ላይ ሊፈጸም የሚችለው ከሁሉ የከፋ ስሕተት «የእናት ጡት እርሳስ አለበት» የሚል ወሬ መንዛት ነው። በእናት ወተት ውስጥ የሚገኘው እርሳስ በደሟ ውስጥ ካለው 3 በመቶ የማይበልጥ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የ2010 መመሪያ የደም እርሳሷ ከ40 ማይክሮግራም በታች የሆነች እናት እንድታጠባ ያበረታታል፤ 40ና ከዚያ በላይ የሆነች ብቻ መጠኑ እስኪወርድ ወተቷን እያለበች እንድትደፋ ይመክራል። ከ5 ማይክሮግራም በላይ የሆኑ እናቶች ሲያጠቡ ደግሞ የሕፃኑ ደም እንዲከታተሉት ያዝዛል።

ይህ ወሰን በሸሕዲ ሲታይ ሚዛኑ ይበልጥ ወደ ጡት ያደላል። ደም በማይለካበት ቦታ እናትን ከማጥባት ማስቆም በግምት መፍረድ ነው። አማራጩ የዱቄት ወተት ሲሆን የሚበጠበጠው በቆላ ውኃ፣ የሚፈላውም ምናልባት በዚያው በተጠረጠረው ድስት ነው። ተቅማጥ፣ የምግብ እጥረትና ከእናት ወተት የሚገኘውን መከላከያ ማጣት በእርግጠኝነት የሚመጡ ጉዳቶች ናቸው። ስለዚህ ለአጥቢ እናት የሚነገረው «ማጥባትሽን ቀጥዪ፤ ኩሉን ግን ከአንቺም ከሕፃኑም ዐይን አርቂ» የሚል መሆን አለበት። ዓረፍተ ነገሩ በዚህ ቅደም ተከተል ካልተነገረ ሁለተኛው ክፍል የመጀመሪያውን ሊያጠፋው ይችላል።

ያለ ቁጥርም የሚሠራ ሥራ

የደም ምርመራ በሌለበት ምን ይደረጋል የሚለው ጥያቄ ተጨባጭ መልስ አለው። በመጀመሪያው የቅድመ ወሊድ ክትትል ላይ ጥቂት ጥያቄዎች ቢጨመሩ ወጪ አይጠይቁም። እናቲቱ ኩል ትኳል እንደሆነ፣ ከየት እንደምትገዛውና ሕፃናትም ይኳሉ እንደሆነ፤ በቤቱ ወይም በግቢው ባትሪ የሚፈታ፣ መኪና የሚጠግን፣ ብረት የሚያቀልጥ ወይም የወርቅ ድንጋይ የሚፈጭ ሰው ይኖር እንደሆነ፤ የምታበስልበት ድስት ከቀለጠ ቁርጥራጭ ብረት የተሠራ እንደሆነ፤ አፈር ወይም የግድግዳ ጭቃ አምሯት ትበላ እንደሆነ፤ በሰውነቷ ውስጥ ያልወጣ ጥይት ይኖር እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል። ለአንዱም «አዎ» የሚል መልስ ከተገኘ ምንጩን ማራቅ የሚጀመረው በዚያው ቀን እንጂ ውጤት እስኪመጣ ተጠብቆ አይደለም። ኩልን መተው፣ የሥራ ልብስን ከቤት ውጭ ማውለቅና ለብቻ ማጠብ፣ ባትሪን ከግቢ ማስወጣት ማንንም አይጎዳም።

ቀጥሎ የሚመጣው ምግብ ነው። በሜክሲኮ ከተማ በነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሙከራ በቀን 1200 ሚሊግራም ካልሲየም መውሰድ የደም እርሳስን በአማካይ በ11 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የቅድመ ወሊድ መመሪያም ካልሲየም በሚያንስበት ሕዝብ ዘንድ የእርግዝና ደም ግፊትን ለመከላከል በቀን ከ1.5 እስከ 2 ግራም እንዲሰጥ ይመክራል። እንግዲህ ለግፊቱ የታዘዘው ክኒን ለእርሳሱም ይጠቅማል፤ ቁጥር ሳይጠበቅ ሊሰጥ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። የአይረን እጥረትም የእርሳስን ወደ ደም መግባት ስለሚጨምር የአይረንና ፎሊክ አሲድ ክኒን በሚገባ መውሰድ ሁለት ጥቅም አለው፤ ሁለቱ ክኒኖች ግን በተለያየ ሰዓት ቢወሰዱ ይመረጣል። በባዶ ሆድ የገባ እርሳስ ከምግብ ጋር ከገባው በብዙ እጥፍ ወደ ደም ስለሚያልፍ፣ ነፍሰ ጡር ሆዷን ባዶ አድርጋ ረጅም ሰዓት እንዳትቆይ መምከርም ተገቢ ነው። ወተት በሚታለብበትና ሰሊጥ በሚመረትበት አገር ይህ ምክር ባዶ ቃል አይሆንም። ሰሊጥ ከነገለባው በካልሲየም የበለጸገ ነው። ከዚያ ውስጥ አካል የሚጠቀምበት ከፊሉን ብቻ በመሆኑ ግን የክኒን ምትክ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።

ሦስተኛው በየቀኑ የሚሠራ፣ ለዚህ ጉዳይ ግን ያልታሰበ መሣሪያ ነው፤ ይኸውም የወባ ማይክሮስኮፕ ነው። በእርሳስ በተመረዘ ሰው ደም ውስጥ ቀይ የደም ሴሎች ሰማያዊ ነጠብጣብ ሊይዙ ይችላሉ፤ ነጠብጣቡ ለወባ በሚዘጋጀው ስስ የደም ቅብ ላይ ይታያል። ከጣት በቀጥታ የተቀባ ደም ለዚህ የተሻለ ነው፤ በኢዲቲኤ ቱቦ ውስጥ የቆየ ደም ምልክቱን ያጠፋዋልና። ነጠብጣቡ በሌሎች የደም በሽታዎችም ስለሚመጣ፣ መጠኑ ዝቅተኛ በሆነ መመረዝም ስለማይታይ አለመኖሩ ነጻ አያወጣም። ነገር ግን የወባ ተሕዋስ ያልተገኘባት፣ ደም ማነሷ በአይረን ያልተሻሻለ፣ ሆድ ቁርጠትና ድርቀት የሚመላለስባት ነፍሰ ጡር ቅብ ላይ ነጠብጣቡ ሲታይ፣ የቤተ ሙከራ ባለሙያው እንዲጽፈውና ደሟ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል እንዲላክ ማድረግ ይቻላል። ኪሌሽንን በግምት መጀመር ግን አይገባም። የመድኃኒቱ ጉዳት በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ያሳስባል፤ ምንጩ ሳይወገድ የሚሰጥ መድኃኒትም ብዙ አይጠቅምም።

አራተኛው ደሙ ባይለካ ዕቃውን መለካት ነው። በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ መሣሪያ ከገበያ የተገዛን ኩል፣ ድስትና የተቀባ በር በደቂቃዎች ውስጥ ሊፈትሽ ይችላል። መዋቢያዎች በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥር የሚተዳደሩ በመሆናቸው፣ ከሸሕዲና ከመተማ ዮሐንስ ገበያ ኩል እየገዙ ማስመርመር ከቁጥጥር ሥራው ውጭ አይደለም። አንድ ጊዜ በሚገባ የተደረገ የገበያ ምርመራ ለብዙ ሺህ እናቶች የደም ምርመራ የማይሰጠውን መልስ ይሰጣል፤ የትኛው ኩል እንደሚያስፈራና የትኛው እንደማያስፈራ በስሙ ለመናገር ያስችላልና።

ለዚህ ሁሉ የሚቀርበው መቃወሚያ ወባ፣ ካላዛር፣ የወሊድ ደም መፍሰስና የመንገድ መዘጋት እናቶችን በሚገድሉበት ቦታ ስለ ኩል መጠየቅ ቅንጦት ነው የሚል ነው። መቃወሚያው ክብደት አለው። ሆኖም እዚህ የተጠየቀው አዲስ ፕሮግራም፣ አዲስ ሕንፃ ወይም አዲስ ክኒን አይደለም። የሚጠየቁት በክትትል ካርዱ ላይ የሚጨመሩ አምስት ጥያቄዎች ናቸው፤ የሚታየው ቅብም ለወባ የተዘጋጀው ነው። ለደም ግፊትና ለደም ማነስ የታዘዙት ክኒኖች በእጅ ያሉ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሚቀጥለው እትሙ፣ ጤና ሚኒስቴርም የቅድመ ወሊድ መመሪያውን በሚከልስበት ጊዜ ጥያቄውን ከቁጥሩ በፊት ቢያስቀምጡ የሸሕዲ አዋላጅ ነርስ ቤተ ሙከራ እስኪሠራላት ሳትጠብቅ ሥራዋን መጀመር ትችላለች።